ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ

እናቴና አባቴ አራት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ተመላልሰው አንዳቸውም ያላሸነፉት በእኔ ምክንያት ነው። ይኼን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው።

የተካሰሱት በታናሽ እህቴ በድምቡሼ ነው፤ ማን ያሳድጋት ተብሎ። በእኔ የተጣላ የለም። መጀመሪያ ቀን ዳኛው "አንቺስ ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?" ሲሉኝ "ድምቡሼ ካለችበት" አልኳቸው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሳቁና ለእናቴ ጻፉኝ። ከስፌት መኪናውና ከቁም ሣጥኑ ጋር ለእናቴ ደረስኩ ማለት ነው፤ አባቴ ደግሞ አልጋውንና ሬዲዮኑን ወሰደ። ድምቡሼ ግን ያኔ አራት ዓመቷ፣ ጉንጯ እንደ ዳቦ ኩፍ ያለ፣ ያየ ሁሉ ካልበላኋት የሚላት ልጅ ነበረች። እሷን እንደ ዕቃ መካፈል አልተቻለም። ስለዚህ "ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ" ተብሎ ከሰኞ እስከ ሐሙስ እናታችን ዘንድ፣ ከዓርብ እስከ እሁድ አባታችን ዘንድ እንድትሆን ታዘዘ። "እስኪሰጥ ድረስ" ማለት አራት ዓመት ማለት እንደሆነ የነገረን የለም።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። አንዷን ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፍላ ከፊት መኪናዋን አስቀምጣ ትሰፋለች፣ ከኋላ እንኖራለን። እኛ ቤት ሳይጠነቀቅ የተቀመጠ ሰው ስፒል ተሰክቶበት ነው የሚነሳው። አባዬ ጎሚስታ ነው። ሱቁ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ተቆልሏል፣ ውስጥ ደግሞ እንደታመመ በሬ የሚያጓራ የንፋስ መሙያ አለ። እሱ ዘንድ ያለው ነገር ሁሉ ጥቁር ነው፣ ፎጣው ሳይቀር። ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ በእግር ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል፤ ድምቡሼ ካኮረፈች አርባ። የማመላልሳት እኔ ነበርኩ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ፊት ለፊት ከተያዩ እሳትና ጭድ ናቸው። አምስተኛ ክፍልን ያቋረጥኩትም በዚሁ የተነሳ ነው። አንድ ሰው ትምህርት መተው ነበረበት፤ ድምቡሼ ገና አልጀመረችም፣ ስለዚህ ዕጣው ለእኔ ወጣ።

አሁን ወደ ደብተሮቹ ልምጣ።

ዳኛው ሁለቱንም ወላጆች የውሎ ደብተር ያዙ ብለው አዘዙ። ልጅቷ ምን በላች፣ ማን አጠባት፣ ታመመች ወይ፣ ወደቀች ወይ፣ ሁሉም በየቀኑ ተጽፎ በየሦስት ወሩ ለማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ ይሰጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ፣ እማዬ ከወገብና ከደረት ልክ በስተቀር ጽፋ አታውቅም። አባዬ ደግሞ ሲፈርም ሰው እንዳያየው ጀርባውን የሚያዞር ሰው ነው። ሁለቱም ይኼን ለዳኛ ከመናገር ሞት ይሻለናል ባዮች ናቸው። "እሺ ክቡር ዳኛ" ብለው እየተገላመጡ ወጡ።

ሰኞ እማዬ መጋረጃውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና፣ "ነይ እስቲ ጻፊልኝ። ለአባትሽ ትንፍሽ ብትይ ምላስሽን በዚህ መቀስ ነው የማሳጥረው" አለችኝ።

ዓርብ ደግሞ አባዬ ከጎማው ክምር ጀርባ ጠራኝ። "አለቃ፣ ምስጢር ትችያለሽ?" አለቃ የሚለኝ ነገር ሲፈልግ ነው። "እናትሽ እንዳትሰማ እንጂ፣ ይቺን ነገር ብትጽፊልኝ…"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ጥሩ ጥሩውን ነዋ። የእሷን ግን ያየሽውን አታስቀሪ።"

እማዬም ያለችው ቃል በቃል ይኼንኑ ነበር። አብሮ ባልና ሚስት መሆን ያቃታቸው ሰዎች ለካ ሐሳባቸው አንድ ነው።

እና የሁለቱም ጸሐፊ ሆንኩ። ለእማዬ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፊደሉን ቀጥ አድርጌ፣ ለአባዬ በጥቁር እስክሪብቶ ወደ ጎን ጋደም አድርጌ። መጀመሪያ የነገሩኝን ብቻ ነበር የምጽፈው። በኋላ ግን አንድ እሁድ አባዬ ለአንድ ሹፌር ሲያወራ ሰማሁት፤ "ልጄን ይፍረዱልኝ እንጂ እህቴ ወዳለችበት ከተማ ይዣት ነው የምነጉደው፤ እዚያ ትልቅ ጋራዥ ሥራ ተገኝቶልኛል።" በማግሥቱ እማዬ ለደንበኛዋ ቀሚስ እየለካች፣ "ከፈረዱልኝማ የጥፍሯን ቁራጭ አያያትም!" አለች፤ ያውም አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ ነው የተናገረችው፣ ከልቧ ነው ማለት ነው።

እኔም አሰብኩ። እማዬ ካሸነፈች አባዬ አለቀለት። አባዬ ካሸነፈ ድምቡሼ ትሄዳለች፣ እኔ ከቁም ሣጥኑ ጋር እቀራለሁ። ማንም ካላሸነፈ ግን ማንም አይሸነፍም። በአሥራ አንድ ዓመቴ ይኼን ማሰቤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዛን ያዝኩ። ድምቡሼ እማዬ ዘንድ ካውያ ነክታ ጣቷ ከተቃጠለ በአባዬ ደብተር "ልጅቷ ጣቷ ተቃጥሎ መጣች" ብዬ አሰፍራለሁ። ከዚያ ለእማዬ ደብተር አንድ የአባዬ ጥፋት እፈልጋለሁ፤ ካጣሁም እፈጥራለሁ። "ጎማ ላይ ስትዘል ወደቀች።" አንድ ለአንድ። አባዬ ጫማ ከገዛላት "እናቷ ተረት ነገረቻት" ብዬ አክላለሁ። እማዬ ተረት! አፏ ስድስት ስፒል ይዞ እየዋለ የምን ተረት! ግን ዓረፍተ ነገሩ ያምራል። አባዬ ደግሞ በእኔ ደብተር "ምሳዋን በሰዓቷ አበላት።" እንኳን የእሷን ምሳ፣ ከባድ መኪና ሲመጣ የራሱንም ስም ይረሳል። ሒሳቡን እማዬ የሰው ልክ በምትጽፍበት ካርቶን ጀርባ ላይ በጭረት እይዝ ነበር። ባለሙያዎቹ በየዓመቱ ይቀያየራሉ፣ ዳኞቹም ሁለት ጊዜ ተቀየሩ፤ አዲስ የመጣ ሁሉ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ ያደርግና "ሁለቱም ጥሩ ወላጆች ይመስላሉ፤ ጉዳዩ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል" ብሎ ይዘጋዋል። ነገር ቢያበዙት በአህያ አይጫንም ይባላል። የእኛ ግን በእኔ ተጭኖ አራት ዓመት ሄደ።

ዕንቅፋት የሆነብኝ ትምህርት ቤቱ ነው።

የምዝገባ ቅጹ ላይ "አሳዳጊ" የምትል አንዲት መስመር አለች። አንዲት ብቻ። ፍርድ የሌለው ልጅ ሁለቱም ወላጆች አብረው ካልፈረሙለት አይመዘገብም። ባለፈው ዓመት ቅጹን ለእማዬ ወሰድኩላት፤ "እሱ ከፈረመበት ወረቀት ላይ እጄን አላሳርፍም፤ መጀመሪያ እኔ፣ ያውም ብቻዬን" አለች። ለአባዬ ወሰድኩለት፤ "ከእሷ ስም በታች? እኔ የቤት ሠራተኛዋ ነኝ?" አለ። ቅጹ ሲመላለስ ጠርዙ ተቀደደ፣ ዓመቱም አለፈ። ዘንድሮ ድምቡሼ ስምንት ሊሞላት ነው። ሰኞ ጠዋት ፊቷን አጥቤ፣ ጸጉሯን አሥሬ፣ ራሴ ይዣት ሄድኩ።

መዝጋቢው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያስቀመጡ ሽማግሌ ናቸው።

"አሳዳጊዋ ማነው?" አሉ ቀና ሳይሉ።

"እኔ።"

ቀና አሉ። "ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ለአሥራ ስድስት ጥቂት ወር ቀርቶኛል ጋሼ።"

"አሳዳጊ አሥራ ስምንት የሞላው ነው የኔ ልጅ።"

"እስኪሞላኝ ይጠብቁኛላ!"

ሳቁ። "እኔስ በጠበቅኩሽ። ምዝገባው ነው የማይጠብቀው፤ ዓርብ ይዘጋል።" ከዚያ ድምቡሼን በመነጽራቸው በላይ አዩዋትና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። "ባለፈው ዓመትም ይዘሻት መጥተሽ ነበር አይደል? ለከርሞ ካመጣሻት ከእሷ በሚያንሱ ልጆች መሀል ግንብ ሆና ነው የምትቆመው። ልጆች ደግሞ ያውቁበታል፣ ሲያላግጡ ምሕረት የላቸውም። ወላጆችሽን አምጪ።"

ስንወጣ ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል። ድምቡሼ የአጥሩን ብረት ይዛ አልላቀቅም አለች። አንዲት ከእሷ የምታጥር ልጅ ቦርሳዋን እንደ ጀግና አዝላ አለፈች። እጇን ከብረቱ ላይ ጣት በጣት ነቅዬ ወሰድኳት።

መንገድ ላይ፣ "ነገ የማን ነኝ?" አለችኝ። እሷ ነገ ምን ቀን ነው ብላ አትጠይቅም።

"የእማዬ።"

ትንሽ ሄደች። "ትምህርት ቤት የማያስገቡኝ መጥፎ ስለሆንኩ ነው?"

"ማን አለሽ?"

"እማዬም አባዬም ሲናደዱ 'ይኼ ሁሉ በእሷ ምክንያት ነው' ይላሉ።"

አፌ መልስ አጥቶ አያውቅም። ማንም ይመስክር፤ ጎረቤት "ምላሷ" ነው የሚለኝ። ያን ቀን ግን እጇን ይዤ እርምጃዬን ብቻ አፈጠንኩ። ምክንያቱስ እኔ ነበርኩ። እዚያ ካርቶን ላይ ጭረት በጭረት የደረደርኩት የእሷን ዓመት ነበር።

ቀጠሯችን ሐሙስ ነበር፣ ደብተሮቹ ደግሞ ረቡዕ ጠዋት መግባት ነበረባቸው። ማክሰኞ እማዬ ደንበኛ ዘንድ ስትሄድ ሁለቱንም አልጋ ላይ ዘረጋሁና ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ አንዱን አጋድይ። በቃ። አምስት ጥፋት ለአንዱ ጨምሪ፣ ዳኛው ይፍረዱ፣ ልጅቷ ትግባ። የአባዬን ጥፋት መጻፍ ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ድምቡሼን በአሮጌ ጎማ ውስጥ አስቀምጦ "ተሳፋሪ ይግባ!" እያለ ሲያንከባልላት፣ እሷም ትንፋሽ እስኪያጥራት ስትስቅ ታየኝ። ቀደድኩት። የእማዬን ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ ድምቡሼ ሌሊት ስታስል ገና ሁለተኛውን ሳትደግም እማዬ ከእንቅልፏ ብድግ ብላ ጀርባዋን ስታሽላት ታየችኝ። እሱንም ቀደድኩት። ከደብተሩ ስድስት ወረቀት አለቀ። በመጨረሻ እንደለመድኩት እኩል አድርጌ ሰጠኋቸው። ምላስ እንጂ ልብ የለኝም ማለት ነው።

ሐሙስ የገባንባት ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ የማይከፈት መስኮት። ዳኛው ሦስተኛው ዳኛችን ናቸው፤ ሽበታም፣ ጸጥ ያሉ። ባለሙያዋም አዲስ ናት፣ ከመጣች ወር አልሞላትም። እኔ "እትዬ ፋይል" ብያታለሁ፤ ፋይሉን እንደ ሕፃን አቅፋ ነው የምትሄደው። እማዬ በአንዱ አግዳሚ፣ አባዬ በሌላው፣ እኔና ድምቡሼ በሩ አጠገብ ተቀመጥን።

እትዬ ፋይል ተነሣች። "ክቡር ዳኛ፣ እኔ ከእኔ በፊት እንደነበሩት የመጨረሻውን ሦስት ወር ብቻ አላየሁም። አራቱን ዓመት ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩት። ነቀፋውን ለብቻ፣ ምስጋናውን ለብቻ ቆጠርኩ። የእናት ጥፋት ሠላሳ አንድ። የአባት ጥፋት ሠላሳ አንድ። እናት ያደረገችው ጥሩ ነገር መቶ አራት። አባት ያደረገው ጥሩ ነገር…"

መቶ አራት፣ አልኩ በሆዴ።

"…መቶ አራት። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። መንታ ወንድማማቾች እንኳ እንዲህ እኩል ሆነው አላየሁም።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ኳስ ቢሆን ኖሮ ተጨማሪ ሰዓት እንሰጥ ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ ወላጆቼ ዞሩ። "ይኼ እንዴት ሊሆን ቻለ?"

"ከእኔ ገልብጦ ነዋ!" አለች እማዬ። "ድሮስ ምን ያውቃል!"

"እኔ? ከእሷ? ክቡር ዳኛ፣ የእሷን ደብተር በዓይኔ አይቼ አላውቅም! እሷ ናት እንጂ የገለበጠችው፣ የሰው ዲዛይን መገልበጥ ሥራዋ ነው!"

"ጎማ ሲነፋ ጭንቅላቱ የተነፋ!"

"በቃ!" አሉ ዳኛው። ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አድርገው ብዙ አዩ። ሰማያዊውን አዩ፣ ጥቁሩን አዩ። ከዚያ እስክሪብቶ ወደ እማዬ ዘረጉ። "ይኼን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"አዎን" አለች እማዬ፤ ድምጿ ግን ሄዷል።

"እስቲ እዚህ ላይ አንዲት መስመር ይጻፉልኝ።"

እማዬ እስክሪብቶውን እንደ መርፌ ያዘችው። ወረቀቱን አየችው። አንገቷ ላይ ላብ ሲወርድ ከበሩ ሆኜ ይታየኛል። አባዬ እንዲያፌዝባት ጠበቅኩ፤ እሱ ግን ጫማውን ነበር የሚያየው። ቀጥሎ የእሱ ተራ እንደሆነ ገብቶታል። ዳኛው እንዳያዋርዷት መሰለኝ እስክሪብቶውን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱ።

"ደብተሮቹ በባለሙያ ይመርመሩ። እስከዚያ ለሦስት ወር…"

"ሦስት ወር አይስጡ!"

የጮህኩት እኔ ነኝ። መቆሜንም ያወቅኩት ሁሉም ሲያዩኝ ነው። "ክቡር ዳኛ፣ ምዝገባው ነገ ይዘጋል። ሦስት ወር ካሉ ዘንድሮም ቀረች።"

"አንቺ ማነሽ?"

"ሁለቱም ደብተሮች እኔ ነኝ።"

ወላጆቼ እኩል ዞሩ። "አንቺ!" አሉ እኩል። "ለእሱም ጽፈሻል?" አለች እማዬ። "ለእሷም?" አለ አባዬ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ላይ ይሰድቡኝ ጀመር፤ ከዳተኛ፣ ሁለት ምላስ፣ ያሳደግነው እባብ። እማዬ ስትጀምር አባዬ ይጨርሳል፣ አባዬ ሲያጥረው እማዬ ታቀብለዋለች። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተደጋግፈው ሲናገሩ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

"መዝገብ ላይ ይስፈር" አሉ ዳኛው ለጸሐፊያቸው፣ "ተከራካሪዎቹ በአንድ ነገር ተስማምተዋል።" ከዚያ ወደ እኔ። "ለምን አደረግሽው?"

"አንዱ ካሸነፈ ሌላው ያልቅለታላ" አልኩ። "ከመጀመሪያው እኩል ከሆኑ ምንም አይመጣም ብዬ ነው። ግን መጣ። እሷ ላይ መጣ።" ድምቡሼን አሳየኋቸው። ድምቡሼ የጫማዋን ማሠሪያ እየበላች ታየናለች።

ዳኛው ሁለቱንም ደብተሮች ዘጉ። "አሁን እነዚህን ተያቸው። ያየሽውን በአፍሽ ንገሪኝ።"

ውሸት እግር የለውም ይባላል። የእኔ ውሸት ግን አራት ዓመት ሲሮጥ እውነቴ መቆም እንኳ አቃተው። ከዚያ ጀመርኩ።

"ትምህርት ቤት በሰዓት ነው የሚገባው። ሰዓት የምታውቀው እማዬ ናት። የበላችውንና ያልበላችውን የምታውቀው እማዬ ናት። ግን እማዬ ዘንድ መሳቅ የለም። ድምቡሼ ስታወራት 'ቆይ ይኼን ልጨርስ' ትላታለች፣ አይጨረስማ። ይኼ ደብተሩ ላይ የለም።" እማዬ ቀሚሷ ላይ ያለች ክር ማንሣት ጀመረች። "አባዬ ደግሞ… አባዬ ዘንድ ትስቃለች። ከሁላችንም በላይ የሚያስቃት እሱ ነው። ግን መኪና ሲመጣ ይረሳታል። ባለፈው ወር ከዋናው መንገድ ጠርዝ ላይ ያነሳኋት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ጡሩንባውን እየነፋ ነበር።"

"መቼ?" አለ አባዬ። ለዳኛው አይደለም፣ ለእኔ ነው።

"ሁለቱ የኋላ ጎማ የፈነዳበት ከባድ መኪና የመጣ ቀን።"

እኔ ያን ጊዜ መንገር ነበረብኝ፤ ነገር ግን የዚያ ሳምንት ሚዛን ሞልቶ ነበር፣ የእሱ ጥፋት በአንድ ይበልጥብኝ ነበር።

"ስለዚህ ከማን ጋር ትሁን ትያለሽ?" አሉ ዳኛው። "አንዱን።"

"ከእማዬ" አልኩ። አባዬን ሳላይ ነው ያልኩት።

ዳኛውና እትዬ ፋይል ለረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ፍርዱ ተነበበ። ድምቡሼ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ እሁድ ማታ ከአባቷ ጋር ትሆናለች፤ እናት መከልከል አትችልም፣ አባትም ከከተማው ይዟት መውጣት አይችልም። አባት ራሱ መጥቶ ይወስዳታል፣ ራሱ ይመልሳታል። "ይቺ ልጅ" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ "ከእንግዲህ የማንም መልእክተኛ አይደለችም። ደብተር የሚባል ነገርም እንዳላይ።" ሊነሡ ሲሉ ቆም አሉና፣ "ስንተኛ ክፍል ነሽ?" አሉኝ።

"አምስተኛን ጀምሬ ነበር።"

ወላጆቼን አዩዋቸው። ከስድብ ይከፋል።

እማዬ ድምቡሼን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ "ቤት እንገናኝ" ብቻ አለችኝ። አባዬ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አምልጬ ልሄድ ነበር፣ እግሬ ግን ወደሱ ወሰደኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትኩር ብሎ ግድግዳውን እያየ፣ "ምን ምን አደርጋለሁ ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ?" አለኝ።

"ብዙ ነገር።"

"ለምሳሌ?"

"ጸጉሯን ትሠራላታለህ።"

"እኔ?" ጥቁር መዳፉን ገልብጦ አየው። "በዚህ እጅ?"

"በየእሁዱ። ለሁለት ከፍለህ ትጎነጉናለህ።"

"ይኼን ያመነ ሰው አለ?"

"አራት ዓመት ሙሉ አምነዋል እንጂ።"

ሊስቅ ጀመረና መሀል ላይ ተወው። "ከመቶ አራቱ ስንቱ እውነት ነው? እውነቱን ንገሪኝ አለቃ።"

ሠላሳ ነበር። "አርባ ይሆናል" አልኩት። አሥሩን እዚያው ኮሪደር ላይ ጨመርኩለት። የመጨረሻ ውሸቴ ይሁን ብዬ።

ራሱን ነቀነቀ። "ከእናትሽ ጋር ብለሽ የፈረድሽው ትክክል ነው" አለኝ፤ ድምፁ ግን ትክክል የሆነ ሰው ድምፅ አልነበረም። "ሂጂ፣ ትጠብቅሻለች።" አልተነሣም። እኔ ግን ተነሥቼ ሄድኩ።

ዓርብ ጠዋት እማዬ ፍርዱን በጉያዋ ይዛ መዝጋቢው ፊት ቆመች። "አሳዳጊ" የምትለዋ መስመር ላይ ስሟን ፊደል በፊደል፣ ጠርዝ እንደምትሰፋ ቀስ ብላ ጻፈች። መዝጋቢው አላጣደፏትም። እማዬ ጽፋ ሳትጨርስ ድምቡሼ ከእጄ አፈትልካ ግቢው ውስጥ ገብታ ነበር፤ የአዲስ ተማሪዎች መግቢያ ገና የሚቀጥለው ሳምንት ነው ብንላትም አልሰማችንም።

እማዬ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣ "እኔ ሠላሳ አንድ ጥፋት አለብኝ?" አለች።

"ሁሉም እውነት አይደለም።"

"ስንቱ ነው እውነቱ?"

"ሃያው።"

"ውሸታም! አሥራ አምስት አይሞላም!"

"አሥራ ስምንት።"

"አሥራ ስድስት፣ ከዚያ ወዲያ ወግጂ!" መኪናዋን ነዳችው፣ አቆመችው። "የማታ ትምህርት የሚባል ነገር አለ ይላሉ" አለች ወደ ጨርቁ። መልሳ ነዳችው። እኔም ቁልፌን ተከልኩ። ይኼን ወሬ እስክትደግመው ልጠብቅ ወይስ ራሴ ላንሳው፣ ገና አልወሰንኩም።

ያን ቀን ከሰዓት አባዬ ራሱ መጣ። በራፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን በምን እንዳጠበው እንጃ፣ ቀልቷል። እማዬ የድምቡሼን ቦርሳ ሰጠችው፣ "ማታ ማታ ያስላታል" አለችው፣ "እሺ" አላት። ከአራት ዓመት በኋላ የተባባሉት ይኼው ነው፤ ማንም አልጻፈውም።

እኔ እሁድ እንደ እንግዳ ሄድኩ። አባዬ ድምቡሼን በተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀምጦ ማበጠሪያ ይዞ ቆሟል። ጸጉሯን ለሁለት ለመክፈል የተሰመረው መስመር ከግንባሯ ተነሥቶ ጆሮዋ ዘንድ ደርሷል።

"ኡይ! አባዬ፣ እኔ ጎማ አይደለሁም!"

"ጎማ ብትሆኚማ እስከ አሁን ጨርሼ ነበር። አትነቃነቂ!"

እጄ በላኝ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ማበጠሪያውን ነጥቄ ልሠራው ወደፊት ጠጋ ብዬ ነበር። ከዚያ ተመልሼ ጎማ ላይ ተቀመጥኩና እጄን ከጭኔ ሥር አስገባሁ።

ውጪ አንድ ከባድ መኪና ቆመ። ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። አባዬ አንገቱ ብቻ ወደ በሩ ዞረ፤ ጣቶቹ ግማሽ የተጎነጎነውን ጸጉር ይዘዋል። ሹፌሩ ደግሞ ነፋ፣ አስረዝሞ።

"ሥራ መጣልህ" አልኩት። "ይሄድብሃል።"

"ይሂድ" አለኝ፣ "ማበጠሪያው ወድቆብኛል፣ አቀብይኝ።"